አሥሩ ጣቶች

"እጅህን ልቀቀው የኔ ልጅ፤ አታግዘኝ፣ ጣትህን የማንከባልለው እኔ ነኝ" አሉት አሻራ የሚወስዱት አዛውንት ሴት። ወታደሩ ግን መልቀቅ አቃተው። ቴክሳስ ከተመደበ ወዲህ እጁን እንዲህ የያዘው ሰው አልነበረም። "እንጨት ነህ እንዴ? ወታደር ሁሉ ለማገዝ ይቸኩላል!" ብለው ሳቁ። እሱም ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ያኔ እጁ ላላ።

አውራ ጣቱ በአሻራ ማንሻው በሚያበራው መስታወት ላይ ቀስ ብሎ ተንከባለለ። የአሻራው መስመሮች ስክሪኑ ላይ ክብ እየሠሩ ሰፉ፤ በሰሜን ባለው የትውልድ ግዛቱ በሜይን፣ ወንድሙ ታንኳ ላይ ሆኖ ጠጠር ሲወረውር የሚሰፋውን የሐይቅ ውሃ መሰሉት። ወንድሙ ባለፈው ክረምት ራሱን የገደለበት ሽጉጥ አሁን እሱ በተከራየው ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ነበር። ዛሬ አሻራ የሚሰጥበትን ፈቃድ የጠየቀው ያንን ሽጉጥ ከኮቱ ሥር ይዞ ለመዞር ነው፤ ከወንድሙ የቀረለት ሽጉጡ ብቻ ነዋ። ከሰሞኑ ግን ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር ራሱን መፍራት ጀምሮ ነበር።

አሥረኛው ጣት አለቀ። "ፈቃዱን የት እንላክልህ? ሜይን ነው ወይስ እዚህ?"

እጁን አልሰበሰበም፤ እሳቸውም አልለቀቁትም።

"አይላኩት" አላቸው በመጨረሻ። "ሽጉጡን ግን የሚያስቀምጥልኝ ሰው ባገኝ…"

ሴትዮዋ እጁን እንደያዙ፣ በሌላው እጃቸው ወንበር ሳቡለት።