አርባ ሰከንድ ብቻ የተሰማው አባት

«ቆይ ቆይ... እንዳትነኪው! ያቃጥላል!»

ጣቴን ሰበሰብኩ።

ሰውየውን ዘካሪያስ እንበለው። ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈራችን ከእኔ በላይ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤቴ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮል አድርጎ «ቶሎ ነይ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ» አለኝ። የዚህ ፔጅ አድሚን መሆኔን ስለሚያውቅ ፖስት እንዳደርግለት ፈልጎ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሄድፎን ድምፅ የሚያጎላ ማሽን አለ... እሱ አምፕ ይለዋል። አናቱ ላይ እንደ አምፖል የሚበሩ ብርጭቆዎች ተሰክተዋል፤ ድሮ ራዲዮ ውስጥ የነበሩት ዓይነት። ቱብ ነው ስማቸው።

ዘካሪያስ ሥራው ቱብ መቀያየር ነው። አንዱን ይነቅላል... ሌላውን ይሰካል... ያዳምጣል... ፊቱን ያኮሳትራል... ደግሞ ይነቅላል!

«ይሄኛው እግሩ ስምንት ነው» አለኝ። «የማሽኑ ሶኬት ደግሞ ዘጠኝ ቀዳዳ። ሶ አዳፕተር ገዛሁለት። አዳፕተሩ ሶኬቱ ላይ ይገባል፣ ቱቡ እሱ ላይ ይቀመጣል።»

«እና ምን ተለወጠ?»

«ድምፁ ወፈረ መሰለኝ... ወይም ቀጠነ። ቆይ መልሼ ልቀይረው።»

ኧረ በስመ አብ! ቁጭ ብሎ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ስልኩን ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ያያል።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አልኩት።

«አባዬን። ስልኬን ካነሳ ሦስት ሳምንት ሆነው። ታኮማ ከተማ እህቴ ሐሴት ጋ ነው ያለው። እሷም ስደውል ‹ደህና ነው› ብላ ትዘጋብኛለች።»

«ምን አድርገኸው?»

«ምንም! በናትሽ ምን አደረግኩት? ሰው በገዛ ልጁ ላይ ያለ ምክንያት ያኮርፋል?»

«ታዲያ ሄደህ አትጠይቀውም?»

«ጥፋቴን ሳላውቅ ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምለው?»

ዓይኑ እንባ ሞላ... ቶሎ ብሎ ወደ ማሽኑ ዞረ። አሳዘነኝ፣ እውነቴን ነው።

«ተይው፤ ይልቅ ይሄን ስሚ» ብሎ ሄድፎኑን ጭንቅላቴ ላይ ጫነው።

ዘፈን ስጠብቅ... የሽማግሌ ድምፅ መጣ!

«ልጄ ዘካሪያስ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን...»

አንድ ጆሮዬን ገለጥ አድርጌ «ይሄ ማነው?» አልኩ።

«አባዬ ነው። በቮይስ የላከልኝ ነው። ዘፋኝን ስቱዲዮ ውስጥ ያሽሞነሙኑታል... የአባዬን ድምፅ ግን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ቱቡ ካበላሸው ወዲያው ይገባኛል። አርባኛው ሰከንድ ላይ ያስላል፤ ሳሉን እሰማና ወደ መጀመሪያው እመልሰዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ ሰምተኸዋል?»

«እንጃ... ሁለት መቶ ጊዜ ይሆናል።»

ሳሉ መጣ። ሊያቆመው እጁን ሲዘረጋ እጁን መታሁት!

«ሽማግሌ እያወሩ ይቋረጣል እንዴ? ነውር ነው!»

ስቆ ተወኝ። የሌላ ቱብ እግሮች በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

አባትየው ጋሽ ሥራዬ ቀጠሉ። ቡሪየን ያለችውን አክስቱን ጠየቁ... የመኪናውን ጎማ ጠየቁ... መረቁት። መቼም የእኛ አባቶች ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገቡም።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«...እንግዲህ ልጄ ላስቸግርህ ነው። ሐሙስ ጠዋት የዓይኔን ሞራ ሊገፍፉልኝ ነው። ወደ ቤት የሚመልስህ ሰው ከሌለ አንሠራም ብለውኛል። ሐሴትን ሥራ ቦታ ፈቃድ ከለከሏት። አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ሆኜ እጠብቅሃለሁ። አንተ አጠገቤ ካለህ አልፈራም...»

ሄድፎኑን አወለቅኩ።

«ዘኪ... ሐሙስ ሄድክ?»

«የት?»

ወይኔ!

ገመዱን ከስልኩ ነቅዬ በዚያችው በስልኩ ስፒከር ከፈትኩለት። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እሱ መንዳት ስላልቻለ እኔ ነዳሁ። ታኮማ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ቀበቶውን ፈታ፣ ሦስት ጊዜ አሰረ።

ሐሴት በሩን ከፈተችልን። ሰላም እንኳ አላለችውም። ጋሽ ሥራዬ ሶፋ ላይ ነበሩ፤ ማን እንደገባ ለመለየት ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ ያደርጋሉ።

እግራቸው ላይ ወደቀ።

«አባዬ ይቅር በለኝ! አልሰማሁትም!»

«እንዴት አልሰማህም? ‹ሰምቶታል› የሚለውን ምልክት ሐሴት ስልኬ ላይ አይታልኛለች። ካፖርቴን እንደለበስኩ እስከ አምስት ሰዓት በር ላይ ነበርኩ። ሰምቶ ቀረ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም።

«ሁለት መቶ ጊዜ ከፍቼዋለሁ አባዬ... ሰላምታውን ብቻ። ማሽኔን ልሞክርበት።»

ጋሽ ሥራዬ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«ተነሥ» አሉት።

«ሌላ ቀጠሮ ሰጡህ? እኔ እወስድሃለሁ! ከሥራም እቀራለሁ!»

«ማክሰኞ ነው። ወንድም አበጀ በመኪናው ይወስደኛል።»

አበጀ ማነው? ቤተክርስቲያን ከተዋወቃቸው ወር ያልሞላው ሰው ነው! አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ሰላምታቸውንም ጉዳያቸውንም ቁጭ ብሎ ሰማቸው... ከዚያ የሥራ ቀኑን ቀየረላቸው።

«አባዬ በእግዚአብሔር... እኔ ልጅህ እያለሁ?»

«ሰውየው ስለ እኔ ብሎ ሥራውን ቀይሮ አሁን አትምጣ አልለውም።»

ከዚያ እጃቸውን ሰደው ትከሻውን ፈለጉት።

«አንተ ከፈለግክ ከኋላ ተቀመጥ።»

...

ወገኖቼ፣ ይሄን የጻፍኩት ዘካሪያስ ራሱ «ጻፊው፣ ሌላው ይማርበት» ስላለኝ ነው።

ወላጆቻችን ከልባቸው ያለውን መጀመሪያ ላይ አይናገሩም። መጀመሪያ እኛን ይጠይቃሉ፣ ይመርቁናል፤ ችግራቸውን አፍረው መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጉታል። ሰላምታው በዛ ብላችሁ አትዝጉባቸው!

እኔም ጻድቅ አይደለሁም... ያን ቀን ቤት ገብቼ እናቴ የላከችልኝን ሰባት ደቂቃ ቮይስ ገና ያኔ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በጋሽ ሥራዬ ቦታ ብትሆኑ ልጃችሁን ማክሰኞ ከፊት ታስቀምጡት ነበር ወይስ ከኋላ? ለምን?