«ውቅያኖሱን ብቻዬን አቋረጥኩ» ያለው ደራሲ ለምን ተደበደበ?

ወንበሩን አንስቶ ደራሲው ትከሻ ላይ ከሰከሰው...

«በሕግ አምላክ! ኧረ ገላግሉ!» የመጻሕፍት መደብሩ ባለቤት ጮኸች።

ገላጋይ እስኪደርስ በቡጢ ደገመው... የደራሲው ከንፈር ተተረተረ፤ ደሙ የገዛ መጽሐፉ ላይ ተንጠባጠበ።

መጽሐፉ በአንዲት የሸራ ጀልባ ውቅያኖሱን ብቻውን ያቋረጠበት ታሪክ ነው። የዛን ቀን አንባቢዎች አስተያየት ሊሰጡ ተሰብስበው ነበር።

አንዲት አስተማሪ «ማዕበሉን ሳነብ እኔው ራሴ ወንበሬን ጨምድጄ ያዝኩ» አለች።

አንድ ጡረተኛ ደግሞ «እኔስ ስለ ራሱ ሲያወራ ሰለቸኝ... ዓሣ ነባሪው እንኳ ቆሞ ያጨበጨበለት ነው የሚመስለው!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዓሣ አጥማጅ ግን አልሳቀም።

ተራው ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ጀልባህ የተገለበጠች ቀን ማን አወጣህ?»

«ማንም... ብቻዬን ነበርኩ።»

ወንበሩ የተነሳው ይሄኔ ነው!

በስንት መከራ ለሁለት ጠፍረው ያዙት።

«ወንድሜ ነው ያወጣህ!» አለ እየታገላቸው። «እኔ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባችንን መሪ ይዤ ነበር፤ እሱ ገመድ ይዞ ዘለለልህ... ማዕበሉ ከጀልባችን ብረት ጋር ሲያላትመው፣ አናቱ ሲፈረከስ በዓይኔ አየሁ! ጀልባህን ጎትተን ወደ ወደቡ ስንቃረብ ‹ከዚህ ብቻዬን ልግባ› ብለህ ለመንከን... እኛ ሬሳ ታቅፈን ነበር፤ እሺ አልንህ። አንተ ግን በሦስት መቶ ገጽ አንዲት መስመር ነፈግኸው!»

የመደብሩ ባለቤት ለፖሊስ ልትደውል ስልኳን አነሳች።

«ተዪው እህቴ...» አለ ደራሲው ደሙን እየጠረገ። «እውነቱን ነው። ‹ብቻውን› ካልተባልኩ ማን ያነበኛል ብዬ ነው።»

በዚያው ባበጠ ፊቱ ዓሣ አጥማጁን ተከትሎ የሟቹ እናት ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

እናትየው ቀና አደረጉትና... ጆሮ ግንዱን በጥፊ አጮሉት!

«ይሄ ለዋሸኸው ነው። አሁን ንገረኝ... ገመዱ ላይ አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ። ልጄ በመጨረሻ ምን አለ?»

ደራሲው እጃቸውን ያዘ።

«‹ያዝ ወንድሜ!› አለኝ፣ እማማ... ስሜን እንኳ አያውቅም ነበር።»

ሁለት ሰው በመከራ የያዘው ዓሣ አጥማጅ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ...

ወዳጆቼ፣ «እዚህ የደረስኩት ብቻዬን ነው» ከማለታችን በፊት ዞር ብለን እንይ። ለኛ ብሎ ገመድ ይዞ የዘለለ ሰው ይኖራል።

እናንተ በዓሣ አጥማጁ ቦታ ብትሆኑ... እጃችሁን ታነሱ ነበር? ደራሲውንስ ይቅር ትሉት ነበር?