ሁለት ክኒን በአንድ መዳፍ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ፋርማሲስቱ በሚስቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። በግራ እጁ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ በቀኝ መዳፉ ሁለት ክኒን ይይዛል፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይ። ሁለቱንም ውጣ ብርጭቆውን እስክትመልስለት ድረስ ከአጠገቧ አይነሳም። አንድ ቀን እንኳ አጉድሎ አያውቅም። ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ባል በመብራት ቢፈለግ አይገኝም ይላል።

ሚስቱ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች፤ ያውም የተዋጣላት። ሌላው ሦስቴ አንብቦ ያለፈውን ስህተት እሷ ገና ገጹን ስትገልጥ ታየዋለች። በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት የአራሚዎች አለቃ ሊያደርጋት ጠራት። ባሏ አልሄድም ሲል «እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ» ብላ ሻንጣዋን አዘጋጀች።

ሕመሙ የጣላት ያኔ ነው። ፀሐይ በሚያቃጥልበት ቀን ይበርዳታል። ፊቷ አበጠ፣ ጸጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። የጀመረችውን ወሬ መሐል ላይ ትረሳዋለች።

«ሰውነትሽ የገዛ አንገትሽን እጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየወጋው ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ነጯ ክኒን እጢው መሥራት ያቃተውን ትተካልሻለች። ደምሽ ውስጥ ደግሞ ብረት አንሷል፤ እሱ ሲያንስ እጢው ይብሱን ይደክማል። ቀይዋ ለሱ ናት። በደንብ ከዋጥሽ በሁለት ሦስት ወር ሥራሽ ላይ ነሽ። አወሳሰዱን...»

ቀና ብላ ባልየውን አየችና ፈገግ አለች።

«ለሱ እንኳ እኔ ምን አስተምራለሁ፤ ባለሙያው ቤትሽ አለ።»

ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ባልየው ራሱ ለአዲሱ ማተሚያ ቤት ደብዳቤ ጻፈላት፤ ቦታውን አንድ ዓመት እንጠብቅላታለን አሉ። ሁለት ሦስቱ ወር አለፈ፤ ለውጥ የለም። ሐኪሟ የነጯን መጠን ከፍ አደረገች፤ አሁንም ለውጥ የለም።

የአራሚዋ ታላቅ እህት ባሏ ሌላ ሴት ይዞ የኮበለለባት ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ባል የተባለ ፍጡር ሁሉ አይጥማትም። ጎረቤት ፋርማሲስቱን ሲያመሰግን እሷ ታሽሟጥጣለች። እሱ ለአንድ ወር ሥልጠና ሲሄድ ግን ከእሷ በቀር በሽተኛዋን የሚይዝ አልተገኘም።

እንደ እሱ ጠንቃቃ አይደለችም፤ ዝርክርክ ናት። ቀይዋ ጠዋት ጠዋት ሆድሽን ትረብሽብሻለች ብላ ነጯን ብቻ ትሰጣታለች፤ ሌላዋን ትዝ ሲላት፣ ብዙ ጊዜ ከራት በኋላ ታስውጣታለች። በተረፈ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣታለች፣ ሾርባ ትሠራላታለች፣ የሰፈሩን ሐሜት አንድ ሳታስቀር ታወራላታለች።

በአራተኛው ሳምንት አራሚዋ ጋዜጣ አንሥታ ጥቂት አየችና «እትዬ፣ እስቲ እርሳስ አቀብዪኝ» አለች። ከአንድ ገጽ ሰባት ስህተት አወጣች። በማግስቱ ሻንጣውን አስወረደች። እህትየው በሾርባዋ ኮራች።

ባልየው ሲመለስ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አየው። ሚስቱን አቅፎ ሳማት።

«አላልኩሽም? መድኃኒት ጊዜ ይፈልጋል።»

ከማግስቱ ጠዋት ጀምሮ ብርጭቆውና መዳፉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሁለት ወር ሳይሞላ እርሳሱ ከእጇ ይወድቅ ጀመር።

እህትየው ዝም ማለት አልሆነላትም።

«እሱ ሲሄድ ትነሺያለሽ፣ እሱ ሲመጣ ትተኛለሽ። ክኒኑን እየቀየረብሽ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

አንድ ጠዋት ሳታንኳኳ ገብታ ሁለቱንም ክኒን ከመዳፉ ላይ አፈፍ አደረገቻቸው። እሱ አልታገላትም።

«ይውሰዱ እትዬ፤ የፈለጉበት ቦታ ያስመርምሩ። የእኔም ልብ ይረፍ።»

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ነጯም ቀይዋም ትክክለኛ መድኃኒት ናቸው፤ ጊዜያቸው አላለፈም፣ መጠናቸው ሙሉ ነው። እህትየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ለጎረቤት አስነበበችው፤ ያው ነው።

ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። እህትየው በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ደግፎ አነሣት።

«እኔ ቂም አልይዝም» አለ።

አራሚዋ ከአልጋዋ ላይ አፏን ከፈተች። ምላሷ ከብዷት ቃሉ ቶሎ አልወጣም።

«እትዬ... ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትምጪ።»

እህትየው እያለቀሰች ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች።

ዓመቱ ሲሞላ አዲሱ ማተሚያ ቤት በቦታው ሌላ ሰው መቅጠሩን በደብዳቤ አስታወቀ። ባልየው ጠዋት ክኒኖቿን ካስዋጣት በኋላ ደብዳቤውን አነበበላት፤ ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ብርድ ልብሷን አስተካከለና ሻንጣውን ለጎረቤት ሰጥቶ ወደ ሥራው ሄደ።

የዚያን ዕለት የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሁለት መድኃኒት የታዘዘላቸው አንዲት እናት ነበሩ። አላቻኮላቸውም። ክኒኖቹን በየፖስታቸው ለየ፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈባቸው፣ ከዚያ ደግሞ በቃል አስረዳቸው።

«ነጯን ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጧት፤ ቀይዋን ግን ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል ቆይተው። አደራ እናቴ፣ አንድ ላይ እንዳይወስዷቸው፤ ብረቱ ነጯን ሆድዎ ውስጥ ይይዛትና ዓመት ሙሉ ቢውጧት እንዳልዋጧት ነው።»