የሺራሳዋ ወተት ክዳን

ሂዳካና ኩራሞቺ ማትሱሞቶ ከተማ ውስጥ አጥር የሚጋሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱም የወተት ጠርሙስ የወረቀት ክዳን ይሰበስባሉ። አንድ ቀን ከሕዝብ መታጠቢያው ሲወጡ ኩራሞቺ የሺራሳዋ ወተት ቤትን ክዳን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። ወተት ቤቱ ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሂዳካም ያን ክዳን ሲፈልግ አርጅቷል። ክዳኑ ግን ገና እርጥብ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?»

«በራፌ ላይ ካለው የወተት ሳጥን ነዋ! ሳላዝዝ በየማለዳው ያስቀምጡልኛል። ምነው ፊትህ ጠቆረ? ዕድል እኮ ቤት ትመርጣለች፣ ወንድሜ!»

ሂዳካን ቅናት እንደ ቁርጥማት ሲያንገበግበው ዋለ። አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለወተት አዳዩ እንደሚያደርገው፣ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ በኩራሞቺ ሳጥን ውስጥ ከተተ፦ «ከነገ ጀምሮ ለኩራሞቺ መስጠት ትታችሁ ለሂዳካ አድርጉት።»

በማግስቱ ማለዳ የራሱን ሳጥን ሲከፍት ቀዝቃዛ ጠርሙስ አገኘ። ከሥሩ ያቺው ብጣሽ ወረቀት አለች፤ ቀለሙ ባልደረቀ ጽሑፍ መልስ ሰፍሮባታል፦ «እንደ ትእዛዝዎ የኩራሞቺን አቁመናል። ከዛሬ ጀምሮ ተራው የእርስዎ ነው።»

ከአጥሩ ማዶ የኩራሞቺ ሚስት ባሏን ትቀሰቅሳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ረፈደ እኮ! ተነስ እንጂ... ኧረ ተነስ!»

ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻም ወደ ዋይታ ተለወጠ።

ሂዳካ ክዳኑ እንዳይቀደድበት በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ያላቅቅ ነበር።