ከላይ የተደረበው

ወንድሟ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ ከተሰካው ፍላሽ አላነሳም። «ፍላሽ አይደል እህቴ? ይበላሻል። የእማዬም ድምፅ አብሮ ጠፋ፣ በቃ!» አላት። እናታቸው የጥገና ሱቁን ለማን እንደተወች በሕመሟ ሰሞን የተናገረችው እዚያ ውስጥ ነበር። «ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ የእማዬ ብቻ? ምን ያለ መራጭ ብልሽት ነው ወንድምዬ!» አለችና ዓይን ዓይኑን አየችው። ዓይኑን ሰበረ።

ኮምፒውተሩ ከፍላሹ የሚነሳበትን ሲስተም ሞጁል ከሚባሉ ክፍሎች የገጣጠመችው ራሷ ነበረች። ሞጁሎቹ ታሽገው ተደራርበዋል፤ ለውጥ ሁሉ፣ ስረዛም ቢሆን፣ ከላይ በተደረበው ክፍል ላይ ብቻ ያርፋል እንጂ ከታች ያለውን አይነካም። የእናቷን ድምፅ ያሸገችው ደግሞ ከታች ነው። ወንድሟ ይህን ከየት ያውቃል? እጁን ገፋ አድርጋ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳችው፤ የላይኛውን ክፍል ግን እንዲዘለው አደረገች።

ፋይሉ ቦታው ላይ ነበር። «ሱቁ ያንቺ ይሁን ልጄ» አለች እናታቸው በደከመ ድምፅ። ወንድሟ ፍላሹን ሊነቅል እጁን ሰደደ። ድምፁ ግን ቀጠለ፤ «ወንድምሽን ከሱቁ ብታስወጪው ግን አጥንቴ ይውጋሽ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እዚህ ድረስ ሳትሰማ ነው የሰረዝከው?» አለችው።