ቀጭ ቀጭ የሚለው ዲስክ

ጠዋት በዛምቢያዋ ቾማ ከተማ መብራት መጣ። ሙቲንታ ልጇን ገንፎ አብልታ ትምህርት ቤት ሸኘቻትና የሟች ባሏን ኮምፒውተር ከፈተች። ሃርድ ዲስኩ እንደ ሰሞኑ ቀጭ ቀጭ አለ። ባሏ ለልጃቸው ተረት ሲያወራ የቀረጸው ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር። "ዲስኩ አልተነበበም፤ ፎርማት ይደረግ? ያለው ሁሉ ይጠፋል" የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ሃሙንጋ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ ከኋላዋ ቆመ። ከሐዘኑ ወዲህ ላግባሽ ብሎ ሁለቴ ጠይቋት፣ ሁለቴም እምቢ ብላዋለች።

"ዛሬም ይሄን ቆርቆሮ ታስታምሚያለሽ፣ ሚስቴ?"

"ሚስትህ አይደለሁም። ደግሞ እንዳትነካው! ድምፁን የሚያወጣልኝ ሰው ሉሳካ አግኝቻለሁ፤ ሐሙስ እወስደዋለሁ።"

"እኛ ወንድሜን ቀብረነዋል። አንቺ ሣጥን ውስጥ ደብቀሽ ታኖሪዋለሽ?"

ሳቀና እንደሚያባብል ሰው እጇን ያዘ። ጣቷን ከጣቱ ሥር አድርጎ "አዎ" የሚለውን ተጫነ። ታገለችው፤ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው የማጥፋቱ ቁጥር መቶ በመቶ እስኪሞላ ግን አልለቀቃትም።

"የነካሽው አንቺ ነሽ" አለ። "ለልጅሽም እንዲሁ ብለሽ ንገሪያት።"

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አቆመ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ የልጅቷ አባት ድምፅ የትም የለም።