ለልጅ ያላስተማሩት ምልክት

ዶክተሯ ብዙ ተናገረች፤ የልጅቱ እጆች ግን ያሉት ጥቂት ነው።

«ደህና ነሽ ብላለች» አለች ልጅቱ በምልክት።

ልብስ ሰፊዋ እናት አላመነችም። ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም፤ ዓይኗ ግን የተዛነፈ ስፌት ከመንገድ ማዶ ይለያል። «ነገር በዓይን ይገባል» የሚለውን ተረት የምትኖረው እሷ ናት። ዶክተሯ መርምራት፣ እጇን ታጥባ ከተቀመጠች ጀምሮ ከንፈሯ አላረፈም። ያን ሁሉ ጣቃ ቀድዶ አንድ መሀረብ? የቀረው ጨርቅ የት ገባ?

«ያ ሁሉ ንግግር ደህና ነሽ ለማለት ብቻ ነው?»

«አዎ፣ እማ። ደግሞ ምግብ በደንብ ትበያለሽ ወይ ብላለች።»

«የሚያቃጥለኝ ታች፣ የምትጠይቀኝ ስለ ሆዴ?»

ልጅቱ መስኮት መስኮቱን አየች።

ጥርጣሬውን ያባሰው የልጅቱ አመል ነው። ይቺ ልጅ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የእናቷ ምላስ ናት። ከጨርቅ ነጋዴ ጋር ተከራክራላታለች፤ ባለጌ ደንበኛ ሲሳደብ ስድቡን ሳትቀንስ ለእናቷ፣ የእናቷን መልስ ደግሞ ጨመር አድርጋ ለደንበኛው ታደርስ ነበር። ዛሬ አድጋ፣ የባንክ ሠራተኛ ሆና፣ እጇ ተሳሰረ። ስድብ ያላስደነገጣትን ልጅ ምን አስደነገጣት?

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት የሞተችው ሕመሟ እንዲሁ ተደብቆባት ነው። ሐኪሙ ዘመድ ለብቻ ጠርቶ አናገረ፤ ዘመድ ሁሉ ጥርሱን እያሳየ «ደህና ነሽ» እያለ ሸኛት። ልብስ ሰፊዋም በእነዚሁ እጆቿ እንደዚያው ብላታለች። የሚዋሽ እጅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ያጥራል።

ዶክተሯ እንደገና ተናገረች። አሁን እናቲቱ ከከንፈሯ ላይ አንዲት ቃል ለቀም አደረገች፤ ባል።

«ባሌን ምን አለች?»

የልጅቱ ፊት በርበሬ መሰለ። «ምንም።»

እንግዲያው ለእሱ ሊነግሩት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮማ ድሮም ባዳ ነበር፣ አሁን ደግሞ የገዛ ልጇ እጅ ባዳ ሆነባት። አናጢው ባሏ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነው። በተጠጋት ቁጥር ስትሸሸው ዓመት አለፈ። ሕመሙን አልነገረችውም፤ አፈረች። እሱ ደግሞ የጠላችው መስሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ለመደ። እንዲህ እንደተኳረፉ ብትሞትስ? ከሞቱ ይልቅ ይሄ አንገበገባት።

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ዶክተሯ ከወንበሯ ዘለለች።

«ልሞት ነው? እውነቱን ተናገሪ፤ አለዚያ አልሰማሽም!» አለችና ዓይኗን ጭፍን አደረገች። እሷ ዓይኗን ስትጨፍን የዓለም አፍ ይዘጋል።

ጉልበቷን ነኳት። አልከፈተችም። ደጋግመው ሲነኳት ገለጥ አደረገች፤ የልጅቱ እንባ መጥቷል።

«አትሞቺም፣ እኔ ልሙት! የጠየቀችው አንቺና አባባ… ማታ…» እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። «ምልክቱን አላውቀውም። አላስተማራችሁኝም።»

እውነቷን ነው። የቤታቸውን ቋንቋ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። የቤት ኪራይ ምልክት አለው፤ አጭበርባሪ ነጋዴ ምልክት አለው፤ የጎረቤታቸው አፍንጫ እንኳ የራሱ ምልክት አለው። ይሄ ግን ለልጅ አልተሰጠም።

እናቲቱ ከሆዷ ሳቀች፤ እፎይታውም ሀፍረቱም አንድ ላይ መጣባት። በሩ መዘጋቱን አረጋገጠች። ከዚያ የግራ እጇን ትንሿን ጣት በቀኝ እጇ ይዛ ቀስ ብላ ሳብ አደረገቻት።

«ይቺ ናት።»

መብራት ከጠፋ የእጅ ምልክት አይታይም። ባሏ ገና በሙሽርነታቸው ጊዜ በጨለማ ትንሿን ጣቷን ፈልጎ ይስብ ነበር። ውሎ አድሮ በቀንም፣ ከልጆቹ ጀርባ፣ የራሱን ጣት ስቦ ያሳያት ጀመር። አሁን ግን ካሳያት ቆየ።

ልጅቱ ወደ ዶክተሯ ሳታይ ምልክቱን ደገመችው፤ ግን ተሳስታ የቀለበት ጣቷን ያዘች። እናቷ አርማ ትንሿን አስያዘቻት።

«ይሄ… ያማል?»

«ያቃጥላል። እሳት ነው።»

ከዚህ በኋላ የዶክተሯ ከንፈርና የልጅቱ እጅ እኩል ሄዱ። የወር አበባ ሲቋረጥ ገላው ይደርቃል፣ ይሳሳል፤ ምርመራው ሌላ ክፉ ነገር አላሳየም፤ የሚቀባ መድኃኒት አለው፤ ብዙ ሴቶችን ያማል። ልብስ ሰፊዋን ግን ጠርጣራነቷ ቶሎ አይለቃትም።

«ብዙ ሴቶችን ካመመ፣ እስከ ዛሬ ለእኔ ለምን ማንም አልነገረኝም? ስለማልሰማ ነው?»

ዶክተሯ ጥያቄው ሲደርሳት ራሷን ነቀነቀች። ልጅቱ መልሱን ምንም ሳታስቀር አደረሰች።

«ለሚሰሙትም የሚነግራቸው የለም ብላለች።»

ሲወጡ አናጢው ብድግ አለ። የሚስቱን ፊት ማየት ፈርቶ ልጁን ጠየቀ፤ «ምን አሏት?» ልጅቱ መልስ ሳትሰጥ እናቷ መሀል ገባች። ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ትንሿን ጣቷን ይዛ ሳበች።

ልጅቱ ወደ ግድግዳው ዞራ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች።

አናጢው ግራ ቀኙን ቃኘ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የገባው መሰለው። ባርኔጣውን ቀስ ብሎ ሆዱ ላይ ደገፍ አደረገና፣ ከሥሩ፣ ሚስቱ ብቻ በምታይበት በኩል፣ የራሱን ትንሽ ጣት ሳብ አደረጋት።